ቺንጋው ከተለወጠ በኋላ አልነሣም ስላለ ሞተር

በዛሬው ዘመን መኪና ወደ ቤተሰብነት ተቃርቧል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ በሽተኛ ወደ ሐኪም፥ ሽማግሌም ወደ ለቅሶ የሚደርሱት በእርሱ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን አልነሣም ያለ እንደ ሆነ የቤቱ ሥራ ሁሉ ይስተጓጐላል። ሞተር የማይነሣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለአንባቢዎች ለማስረዳት የፈለግሁት ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያናድደውን ነው፤ ይኸውም ጤነኛ ሆኖ በገዛ ኃይሉ ወደ ጋራዥ የገባ መኪና የታይሚንግ ቺንጋው ከተለወጠለት በኋላ እምቢ የሚልበትን ነገር ነው።

ታላቅ እኅቴ ባልዋ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆችዋን የምታሳድገው እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች በማድረስ ነው። ማድረሻዋም ባልዋ የተወላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። የቺንጋው ጊዜ ደርሷል ተብላ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደችው፤ ተለወጠም። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ያሽከረክራል፥ ሞተሩ ግን እንደ ማስነጠስ ብሎ ዝም ይላል። የጋራዡ አለቃ ምንም ሳይለካ «ቫልቮላዎቹ ተጣመዋል፤ ቴስታታው ይከፈት» ብሎ ፈረደ። የጠራው ዋጋ እኅቴ በብዙ ወር የማታገኘው ነበር። ቺንጋውን የገጠመው ለማጅ ልጅም ደመወዙ እንደሚያዝበት በፊታችን ተነገረው፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ነገሩ እንዲገባ የቺንጋውን ሥራ በጥቂቱ ልንገር። በሞተሩ ታች ፒስቶኖች የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት አለ፤ በላይ ደግሞ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት አለ። ሁለቱን በጥርስ አያይዞ የሚያስማማቸው ይህ የጐማ ቺንጋ ነው። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ የላይኛው ፑሌጃ ጥርስ የታችኛው እጥፍ ነው። የታችኛው 20 ጥርስ ያለው ቢሆን፥ አንዲት ጥርስ ብትዛነፍ ክራንክ ሻፍቱ 18 ዲግሪ ሳተ ማለት ነው። ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከበሮውና ጸናጽሉ እያንዳንዳቸው ደኅና ሆነው ሳሉ አንዱ ከሌላው ቢቀድም ዜማው ይፈርሳልና።

ቀድሞ ይህ ሥራ የሰንሰለት ወይም የጥርስ ብረት ነበር። ግላስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1962 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1004 በተባለው መኪናው ላይ የጐማ ቺንጋ አግብቶ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ብዙዎች ተከተሉት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፥ ዋጋውም የረከሰ ነውና። ጉድለቱ ማርጀቱ ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ መኪናዎች ላይ ጊዜው ሲደርስ የምትበራ መብራት እንኳ ተሠርታለታለች።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ቴስታታው ሳይከፈት በፊት በሥራው የሸመገሉ አንድ መካኒክ ለምነን አመጣን። እርሳቸውም ከሁሉ አስቀድመው ቁልፉን ከእኅቴ ተቀብለው ኪሳቸው አስገቡ። «እመቤቴ፥ መኪናው የመጣው በራሱ ነው ወይስ ተጐትቶ?» አሉ። በራሱ እንደ መጣ ስትነግራቸው «እንግዲያስ ሕመሙን የምንፈልገው እጅ በነካው ስፍራ ነው» አሏት።

ቁልፉን መውሰዳቸው በብዙ ሞተሮች፥ ይልቁንም በናፍጣዎቹ፥ ጊዜው ከተዛነፈ ፒስቶኑ ክፍት ቫልቮላ እየመታ ስለሚያጣምም ነው። ሰው ግን ልማዱ አልነሣም ባለ ቁጥር ደጋግሞ ቁልፍ ማዞር ነው፤ በጥርስ መዛነፍ ብቻ ሊያልቅ የሚችለውን ነገር ወደ ስብራት የሚያደርሰውም ይህ ነው። የእኅቴ መኪና ሞተር፥ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፥ ፒስቶኑና ቫልቮላው ከማይደራረሱት ወገን ስለ ሆነ የአለቃው ፍርድ ከመጀመሪያው አጠራጣሪ ነበር።

ሽማግሌው የባትሪውን ጫፎችና ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን ሽቦ ነካክተው አዩ። የካንዴላዎቹ ሽቦዎች 1፥ 3፥ 4፥ 2 በሚለው የመቀጣጠል ተራ መሰካታቸውን መረመሩ። ከዚያ ሞተሩ በእጅ እንዲቀል ካንዴላዎቹን ፈቱ፤ በክራንክ ሻፍቱ ቡሎን ላይ ቁልፋቸውን አግብተው በሞተሩ አዟዟር በኩል ቀስ ብለው ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩ። የታችኛውን ምልክት በዜሮው ላይ አቆሙ። በላይኛው ፑሌጃ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከበስተኋላዋ ካለው ምልክት ትይዩ መሆን ሲገባት፥ ሁለት ጥርስ አልፋ ተገኘች።

ለማጁን ጠርተው «ልጄ፥ ስትገጥመው ምልክቶቹ ተገናኝተው ነበርን?» ቢሉት «አዎን ጋሼ፥ ተገናኝተው ነበር» አለ። እውነቱን ነበር። ቺንጋው በአንደኛው ወገን ላልቶ ሳለ ምልክቱ ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል፤ የሚወጥረው ተሽከርካሪ ሲለቀቅ ግን የላላው ተስቦ አንዱን ዘንግ ያዞረዋል። ይህ የሚታወቀው ሁለት ዙር በእጅ ሲዞር ብቻ ነው። ልጁ ሊያዞር ሲል «ባለ መኪናዋ ቆማለች፥ ቶሎ ክደነው» ያለው ግን ያው አለቃ እንደ ነበር ሌሎቹ ሠራተኞች መሰከሩ።

ምልክቶቹ ትክክል ሆነው ቢገኙ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች በሥራ ጊዜ ተነቅሎ የተረሳ የሴንሰር ሶኬት ብቻውን ብልጭታውንም ቤንዚኑንም ሊያስቀር ይችላል አሉ። ሞተሪኖው ያለ ትግል በእኩል ድምፅ በፍጥነት የሚያሽከረክር ከሆነ ግን እመቃው ጠፍቷልና በመለኪያ ይለካል። ልኬቱ ቢያንስም ወዲያው ቫልቮላ ተጣመመ አይባልም፤ በጊዜ መዛነፍ የጠፋ እመቃ ጊዜው ሲታረም ይመለሳልና።

ቺንጋውን እንደ ገና አስገጠሙት፤ የገጠመው ያው ልጅ ነው፥ እርሳቸው ቆመው ያዩ ነበር። ሁለት ዙር አዞረ፤ ምልክቶቹ ተገናኙ። ሁለት ዙር ደገመ፤ አሁንም ተገናኙ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኅቴ ሰጧት፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ተነሣ። እኅቴ ግን ቁልፉን እንደ ያዘች ከወንበሩ አልተነሣችም፤ አለቃው የልጁን ደመወዝ በፊትዋ ቈጥሮ እስኪሰጠው ድረስ ሞተሩን እያሠራች በበሩ ላይ ቆየች።