ከአዲስ አበባ እስከ ጦሳ ግርጌ

በ2015 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር፥ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሳምንቱ፥ ሰባት ሆነን በአንድ አውቶሞቢል ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ተነሣን። የሄድንበት ምክንያት ንግድም ለቅሶም አልነበረም። ከደሴ ከተማ በላይ የቆመውን የጦሳን ተራራ በእግራችን እንድንወጣ፥ ስለ መውጣታችንም ዘመዶቻችንና የማኅበራችን ሰዎች ሊሰጡ ቃል የገቡት ገንዘብ ለደሴ ሆስፒታል የወላዶች ክፍል ዕቃ መግዣ እንዲሆን ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የዚህ ሆስፒታል የሕክምና ዕቃ እንደ ተዘረፈ አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል።

ተራራ እየወጡ ለችግረኛ ገንዘብ መሰብሰብ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን የኪሊማንጃሮን ተራራ ለዚሁ ብለው የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። በአገራችንም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ዳሩ ግን ለወሎ ሰው በእግር መድከምና ስእለት አብረው የሚሄዱ የቆዩ ነገሮች ናቸውና፥ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፥ በመውሊድም ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመውን ሕዝብ ያየ ሰው በእኛ አሳብ አይደነቅም።

ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥተን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ደብረ ብርሃን ደረስን። ብርዱ ጋቢ በላይ በላዩ የሚያስደርብ ነበርና ትኩስ ሻይ ጠጥተን ሳንቆይ አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሜዳና ገብስ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የምንጽፈው የለንም። ጣርማ በር ሲደርሱ ግን መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ስፍራ በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ተራራውን ፈልፍለው መንገዱን በውስጡ አሳልፈውታል። በወዲያኛው አፍ ሲወጡ ደመናው ከእግር በታች ተኝቶ፥ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በገደሉ ጠርዝ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። የበግ ጠጕር ቆብ የሚሸጡ ሕፃናት ከበቡንና እያንዳንዳችን አንዳንድ ገዛን። ሾፌራችን፥ «ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ምን ልታደርጉት ነው?» ብሎ ሳቀብን፤ እውነቱን ነበር። በደብረ ሲና በኩል ወርደን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ 1,300 ሜትር ያህል ወደሚሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለ ገባን፥ ቆቡም ጋቢውም ከወንበር ሥር ወደቀ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የብዙ ሕዝብ መገናኛ ነው። አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ በእሑድ የሚገናኙበት የሰንበቴ ገበያ በዚህ መንገድ ላይ ይገኛል። ካራቆሬን ስናልፍ ሾፌራችን በ1953 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መናወጥ አነሣልን። ያ መናወጥ በአቅራቢያው ያለችውን የማጀቴን ከተማ አፍርሶ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ከሚሴን፥ ቀጥሎም ሐርቡን አልፈን ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት ተኩል ኮምቦልቻ ገባን።

ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ምሳ የበላነው ግን በአንድ የሾፌራችን ወዳጅ በሆኑ የእስልምና ሃይማኖት ሽማግሌ ቤት ነበር። ጭሱ ጨሰ፥ ቡናው ተፈላ፤ አቦሉን ሳንቀምስ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው፥ «አሚን በሉ» ብለው መረቁን። የመጣንበትን ነገር በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ሰዎቹ ገንዘቡን ለመስጠት ከወደዱ ተራራው ምን አገባው? እዚያው ሆናችሁ አትልኩትም ኖሯል?» አሉን።

ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባም ሰምተነው ነበር። መልስ አዘጋጅተን ነበር፤ ነገር ግን በእርሳቸው ፊት መልሳችን ቀለለብን። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እመቤት፥ በመንገድ ሁሉ ዝም ብላ የመጣችው፥ እንዲህ ብላ ተናገረች። «አባባ፥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ታናሽ እኅቴ ደሴ ነበረች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ከተማው ሲሸበር ሆስፒታል መሄዱ ቀርቶባት ከሕዝቡ ጋራ በሐረጎ በኩል ወደዚህ በእግሯ ወረደች። ምጡ በመንገድ ያዛት። የማታውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን ጋርደው አዋለዷት። እኔ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ ስልክ እሞክር ነበር። እኔስ ገንዘቡን ልኬ ነበር፤ አልበቃኝም።»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። በኋላም፥ «ያን ጊዜ በዚህ በር ስንት ሰው አለፈ መሰለሽ፥ ልጄ! ውሃ ከማቀበል በቀር ምን አደረግን» ብለው፥ «እንግዲያውስ የአንቺ ተራራ ጦሳ አይደለም፤ ሐረጎ ነው» አሏት።

ከቤቱ ስንወጣ እመቤቲቱ ከሐረጎ ዳገት ግርጌ እንድናወርዳት ጠየቀችን። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ተቃወምናት። ዕድሜዋ ስድሳ ደርሷል፤ ለነገው ተራራ ጉልበቷን መቆጠብ ይገባታል፤ መንገዱም ከባድ መኪና የሚበዛበት ጠመዝማዛ ነው። ሾፌራችን ይልቁንም መምሸቱን እየጠቀሰ ተቆጣ። እርሷ ግን፥ «ነገ ጦሳን ባልወጣ ትቀየሙኝ ይሆናል፤ ዛሬ ይህን በመኪና ካለፍሁት እኔ ራሴን እቀየማለሁ» አለች። በመጨረሻ ዳገቱን ብቻ እንድትሄድ፥ አውቶሞቢሉም በዝግታ እንዲከተላት ተስማማን።

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በዚህ አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በመኪና የሄደ ሰው ከመዞሩ በቀር ሌላ ነገር አይሰማውም። በእግር ሲወጡት ግን ሌላ ነው። እርሷን ብቻዋን አስቀድሞ በመስኮት መመልከት ስላሳፈረን፥ ጉልበቱን ከሚያመው ከአንዱ ባልደረባችን በቀር ሁላችንም ወርደን ተከተልናት። እንጨት ተሸክመው ይወጡ የነበሩ ሴቶች አልፈውን እየሄዱ፥ «መኪናው ተበላሸባችሁ?» ይሉን ነበር። እመቤቲቱ በየመታጠፊያው ትቆምና ወደ ታች ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ታያለች። እኅቷ የት ቦታ እንደ ወለደች በትክክል አታውቅም ኖሮ፥ ዛፍ ባየች ቍጥር፥ «እዚህ ይሆን?» ትላለች። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዳገቱ ራስ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። እኅቲቱ ስልክ ተደውሎላት ከደሴ በባጃጅ መጥታ በመንገዱ ዳር ትጠብቀን ነበር። የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ሕፃኗንም በጀርባዋ አዝላ ነበር። ሁለቱ እኅትማማቾች ያደረጉትን በዚህ ገጽ አንጽፈውም። ሕፃኗ ግን ከአክስቷ ይልቅ የሾፌራችንን ፋኖስ ወደደችና ካልያዝኩ ብላ አለቀሰች።

በደሴ ያደርንበት ቤት በኮረብታ ላይ ስለ ነበር ከተማው ሁሉ ይታየን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1875 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ከተማውን ደሴ እንዳሉት ይነገራል። ንጉሥ ሚካኤልም መናገሻቸው አድርገውት አዳራሻቸውን አይጠየፍ አሉት፤ ድኻም ጌታም ገብቶ የሚበላበት፥ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። እኛ ግን በዚያች ሌሊት ይልቁንም ያነሣነው የኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ነገር ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማውን በቦምብ ሲደበድቡ፥ ሕመምተኛና ቍስለኛ የተኛበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያን ቀን ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። በደሴ የሆስፒታል መጎዳት በ2014 ዓ.ም. የተጀመረ አይደለም። ሐኪሞቹ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ሥራቸው መመለሳቸውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም።

ማለዳ በ12 ሰዓት ከጦሳ ግርጌ ተገኘን። ብርዱ ስለ በረታ ያ የተሳቀብን የበግ ጠጕር ቆብ ጠቀመን። እመቤቲቱ እግሯ አብጦ ስለ ነበር እስከ መጀመሪያው ትከሻ ብቻ ልትወጣ፥ ከዚያም ከእኅቷ ጋራ ተቀምጣ ልትጠብቀን ተስማማች፤ ማንም አልተቀየማትም። ከመነሣታችን በፊት እንደ ደንባችን የሰጪዎቹን መዝገብ ከፍተን ስሞቹን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን። ከሁሉ መጨረሻ የአንዱ ባልደረባችን የስምንት ዓመት ልጅ በእጁ የጻፈው 10 ብር ነበር። ከአጠገቡም፥ «ጫፉ ላይ ከደረሳችሁ ብቻ ነው፤ ፎቶ አምጡ» የሚል ቃል አክሎበታል። አባትየው መዝገቡን አጥፎ በኪሱ አስገባና ከሁላችን ቀድሞ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።