የለመደ ጆሮና የገባው ጆሮ

ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር ወደ መውደድ ያዘነብላል። በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ የሚለፈፍ የንግድ ማስታወቂያ እንኳ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳናስበው ከአንደበታችን ይገኛል። ስለዚህ አንድ ወዳጃችን «ይህ ሙዚቃ ሃያ ጊዜ ካልተሰማ አይገባም» ቢለን መጠራጠራችን ተገቢ ነው። በሃያኛው ጊዜ የረታን የደራሲው ጥበብ ይሁን ወይስ የራሳችን ልማድ፥ በምን ለይተን እናውቃለን? እኔ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት «ላተራለስ» የተባለውን አልበም ለብዙ ወራት ካዳመጥሁ በኋላ ነው።

«ላተራለስ» ቱል የተባለው የአሜሪካ ቡድን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ያወጣው ሥራ ነው። ቡድኑ በ1990 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመ ሲሆን፥ በዚህ አልበም ሜይናርድ ጄምስ ኪናን ይዘፍናል፤ አዳም ጆንስ ጊታር፥ ጀስቲን ቻንስለር ቤዝ ጊታር፥ ዳኒ ኬሪ ከበሮ ይመታሉ። ሙዚቃው ፕሮግሬሲቭ ሜታል ከሚባለው ወገን ይመደባል፤ ይኸውም የሜታልን ከባድ የጊታር ድምፅ እንደ ያዘ፥ ምቱን እየለዋወጠ፥ ዘፈኑን እንደ ረዥም ድርሰት በክፍል በክፍል የሚሠራ ነው። 13ቱ ክፍሎች በጠቅላላው ወደ 79 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ አንድ ሲዲ ከዚህ ብዙም አልፎ አይችልም።

በሩ ጠባብ ነው። የመክፈቻው ዘፈን «ዘ ግረጅ» ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዘፋኙ ከ20 ሰከንድ በላይ ባንድ ትንፋሽ ይጮኻል። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ካዳመጡ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮአቸው ቀስ አድርገው አወለቁና፥ «ልጄ፥ ይህን ሰው ምን አገኘው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የጠየቁት ለቀልድ አልነበረም። ጩኸቱ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲጠራቀም የቈየ ነገር መፍሰሻ ነው ብላቸው ኖሮ፥ ሰባቱን ደቂቃ እንደ ገና እንዲሰሙ ልለምናቸው ነው፤ ይህም በዕረፍት ሰዓት ከአንድ ትልቅ ሰው የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ለእኔ በመጀመሪያ የተከፈተልኝ «ስኪዝም» የተባለው ነው፤ የገባሁበትም በቤዝ ጊታሩ በኩል ነው። ምቱ በየስፍራው ቢለዋወጥም፥ ዋናው ዜማ አንድ ጊዜ 5፥ አንድ ጊዜ 7 እየቈጠረ ይመላለሳል። 5ና 7 ሲደመሩ 12 ናቸው። በችክችካ ያደገ ጆሮ ደግሞ በ6 መቍጠር ስለ ለመደ፥ 6ና 6 እያለ በእግሩ መሬቱን ቢመታ መነሻው ላይ ከቡድኑ ጋር ይገናኛል፥ መካከሉ ላይ ግን ይጣላል። እኔም ለሳምንታት በየ12ቱ ምት እየታረቅሁ፥ በመካከሉ እየተጣላሁ ቈየሁ። የዘፈኑ ስም መከፈል፥ መለያየት ማለት ነው፤ ግጥሙም አንድ ሆነው የኖሩ ሰዎች መነጋገር አቅቷቸው ስለ መፍረሳቸው ይናገራል። አንድ ቀን እግሬን ሳላዝዘው 5ንና 7ን ለይቶ ሲረግጥ አገኘሁት። በመካከል የሚነሣው ጠብ ራሱ የዘፈኑ ጉዳይ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

የአልበሙን ስም ስለ ያዘው ዘፈን ብዙ ተብሏል። ኪናን ሲጀምር በየሐረጉ ያሉት ቀለሞች 1፥ 1፥ 2፥ 3፥ 5፥ 8 እያሉ ያድጉና ወደ 5፥ ወደ 3 ይመለሳሉ፤ ሲያድጉ እያንዳንዱ ቍጥር ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ይህ ተራ የሚጠራው ፊቦናቺ በተባለው በፒሳው ሌዎናርዶ ነው። ነገር ግን እርሱ በ1202 መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት የሕንድ ሊቃውንት የግጥምን ረዥምና አጭር ቀለም ሲያሰሉ ደርሰውበት ነበርና፥ ቍጥሩ ወደ ዘፈን መግባቱ ወደ ቤቱ እንደ መመለስ ነው። አዝማቹ ደግሞ በ9፥ በ8፥ በ7 ምት ይሄዳል፤ 987ም ከዚያው ተራ ቍጥሮች አንዱ ነው። ይህን ያወቁ አድማጮች አልበሙን እንደ ተቈለፈ ሣጥን አይተው፥ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል በዚሁ ቍጥር አዛውረው እስከ ማዳመጥ ደርሰዋል። በበኩሌ ድካማቸው ብዙ የሚያተርፍ አይመስለኝም። የቅኔ ተማሪ ቀለም ቈጥሮ ቤቱ መምታቱን ቢያረጋግጥ ገና ወርቁን አላገኘም።

ትርፉ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። «ፓራቦል» 3 ደቂቃ ያህል የሚሄድ፥ ዘፋኙ በለሆሳስ የሚያንጐራጕርበት ክፍል ነው፤ ሳያቋርጥ የሚከተለው «ፓራቦላ» ግን በሙሉ ኀይል ይፈነዳል። ሲደጋገም፥ አንዱ በሹክሹክታ ያለውን ሌላው በጩኸት እንደሚደግመው ይሰማል። የሚናገሩት ስለ ሰው ሥጋ ነው፤ በዚህ ሥጋ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ መኖር እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ነው። የአልበሙን ሥዕል የሠራው አሌክስ ግሬይም የሰውን አካል ብርሃን በሚያሳልፉ ሉሆች ላይ በንብብር ስሎታል፤ አንዱ ሉህ ሲገለጥ ከሥሩ ሌላው የአካል ክፍል ይታያል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። «ፋአይፕ ዴ ኦያድ» የተባለውን የመጨረሻ ክፍል ከሌሎቹ እኩል ሰምቼዋለሁ። በ1997 በአሜሪካ ሬዲዮ ከተላለፈ የስልክ ጥሪ የተወሰደ የአንድ የተሸበረ ሰው ቃል በጫጫታና በከበሮ መካከል ይሰማበታል። ዛሬም በመጀመሪያው ቀን የነበረውን ያህል ብቻ ነው፤ አልጨመረም፥ አልጐደለም። «ማንትራ» የተባለው አጭር ክፍልም እንዲሁ ነው። ልማድ ብቻውን ፍቅርን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ እነዚህም በተወደዱ ነበር።

«ዲስፖዚሽን»፥ «ሪፍሌክሽን»ና «ትሪያድ» የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎች ተያይዘው ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው የሕንድ ከበሮ፥ ታብላ፥ በዝግታ ይመታል፤ ሁለተኛው 11 ደቂቃ ሙሉ ከዚያው ዝግታ ላይ እየተነሣ ይከብዳል። ሁለቱ ገብተውኛል። ግጥም የሌለው ሦስተኛው ግን እስካሁን ዝግ ነው። ምክንያቱ ምናልባት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ጧት ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ያለው መንገድ 40 ደቂቃ ስለሚፈጅ፥ እርሱ ሳይደርስ እኔ እደርሳለሁ። ስለዚህ ከባለፈው ሰኞ ጀምሮ ጕዞዬን የምጀምረው ከ«ዲስፖዚሽን» ነው።