የአረጋውያን መውደቅ

አረጋውያን ሲወድቁ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ምክንያቱን በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ከፍ ያለ ደፍ፣ ጨለማ ጓዳ፣ ውሃ የፈሰሰበት ደጃፍ፣ በሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስድ ድንጋያማ መንገድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ሞቱም የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈው ላይ ነው።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሠራተኞቹን ቤት ለቤት ያዞራል። እነርሱም መጸዳጃ ቤቱን ሲጎበኙ መንገዱን፣ የአረጋዊውን ዐይንና ምርኩዝም አብረው ቢመለከቱ፣ ሲነሡ ራሳቸውን የሚያዞራቸውን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩ፣ ብዙ ስብራት ማስቀረት ይቻላል። እናቴ «ምርኩዝ ያስረጃል» ብላ የእኔን ምክር አልሰማችም ነበር፤ ከሠራተኛዋ ጋር ቡና ከጠጣች በኋላ ግን ከወይራ አስቆርጣ ያዘች።