ስለ ጤፍ ብረት

ሰው ካገሩ ምግብ የሚበልጥ ምግብ በዓለም ያለ አይመስለውም። እኛም በመምህርነት ሥራ በቈየንበት ዘመን ሁሉ ስለ ጤፍ በተናገርን ቍጥር ድምፃችን ከፍ ይል ነበር። «ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ብረት በእህሉ ውስጥ ስላለለት ደም አያንሰውም» እያልን፥ የብረቱን መጠን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ለተማሪዎቻችን እናሳይ ነበር። ቍጥሩ ከታተመ ሰንጠረዥ የተወሰደ እንጂ እኛ የፈጠርነው አልነበረም። ስሕተታችን ቍጥሩ ምንን እንደሚቈጥር ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው። ይህንም ያስተማረን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፥ ምንም ቢያሳፍረን ለአንባቢ ልንነግረው ወደድን።

የእኅታችን ልጅ ለትምህርት ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋራ ትኖር ነበር። ዕድሜዋ 17 ዓመት ሲሆን፥ በትምህርቷ ትጉህ፥ በጠባይዋም ጭምት ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ግን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት፥ መጽሐፏን ገልጣ እንደ ያዘች እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። እኛም የመምህር ነገር ሆኖብን ስንፍና መሰለን። «ሌሊቱን ምን ስትሠሪ አደርሽ?» ብለን ተቈጣናት። «ምንም አልሠራሁም፥ ጋሼ፤ ብቻ ጕልበቴ ከዳኝ» አለች። አላመንናትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ራሷን ስታ ደጃፍ ላይ ወደቀች።

ሐኪሙ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልብጦ ተመለከተና ደሟን አስመረመረ። ውጤቱ ከብረት ጕድለት የመጣ የደም ማነስ ነበር። «ምን ትመገባለች?» ብሎ ሲጠይቀን «የጤፍ እንጀራ ነዋ! በቀን ሦስት ጊዜ» ብለን በኩራት መለስን። እርሱም «ከምግቡ በኋላስ ምን ትጠጣለች?» አለን። ቡና ወይም ሻይ እንደምትጠጣ ነገርነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «መምህር፥ ብረት በሰሐን ላይ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ደም መግባቱ ሌላ ነገር ነው» አለን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ስንመረምር የልጅነታችን አውድማ ትዝ አለን። ጤፉ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ መሬቱ ይጠረግና በእበት ይለቀለቃል። ሲደርቅ ነዶው ይበተንበታል፤ በሬዎችም ከማለዳ እስከ ማታ እየዞሩ ያበራዩታል። የኮቴው ብዛት ልቅላቂውን ሰንጥቆ አፈሩን ያነሣል። እህሉ ለነፋስ ሲሰጥ ገለባው ይሄዳል፤ ደቃቁ አፈር ግን ከፍሬው ጋራ ይቀራል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ናትና፥ አንዲትን የስንዴ ፍሬ በክብደት ለመተካከል 150 ያህል ፍሬዎች ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከአፈር ቅንጣት መለየቷ ለወንፊትም ይቸግራል። ያገራችን አፈር ደግሞ በብዙ ስፍራ ቀይ ነው። ቅላቱም ሌላ ምንም ሳይሆን የብረት ዝገት ነው።

በኢትዮጵያ ምግብ ውስጥ ብረት መብዛቱ ሊቃውንትን ያስገረመው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ስለዚሁ ስለ ብረት ብዛትና ስላገሩ ሰው ደም ያደረገውን ምርምር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. አሳትሟል። ከዚያም በኋላ ተመራማሪዎች ጤፉን በሚገባ አጥበው ቢመዝኑት፥ የብረቱ መጠን ወርዶ ከሌሎች እህሎች ብዙ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ሳይታጠብ ሲመዘን ግን በ100 ግራም ውስጥ ከ100 ሚሊግራም በላይ የተገኘበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በሰሌዳችን ላይ እየጻፍን ስንኰራበት የኖርነው ቍጥር የጤፉን ብቻ ሳይሆን የአውድማውንም ብረት የሚቈጥር ነበር። የአፈር ብረት ደግሞ አብዛኛው በሆድ ሳይሟሟ እንደ ገባ ይወጣል።

ፍሬው ራሱ የያዘውም ብረት ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። እህል ሁሉ ለሚበቅልበት ቀን የሚያስቀምጠው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይህም በሆድ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዝና ወደ ደም እንዳይገቡ ይከለክላቸዋል። ዚንክ ማለት የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው ማዕድን ነው፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ለዕድገት፥ ለቍስል መዳንና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። የዚህ ጕድለት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የታወቀው በኢራን በሺራዝ ከተማ ነው። ትውልደ ሕንዳዊው ሐኪም አናንዳ ፕራሳድ በ1958 እ.ኤ.አ. በዚያ ሲሠራ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን መልኩና ቁመቱ የ10 ዓመት ልጅ የሚመስል ሰው አገኘ። ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ነበር፤ አፈርም ይበላ ነበር። ስለዚህ ዐይነት በሽተኞች የጻፈው ጽሑፍ በ1961 ሲታተም የዚንክን ጕድለት እንደ ምክንያት ጠቈመ፤ በኋላም በግብፅ የተደረገው ምርምር ይህንኑ አጸና።

ያልቦካ ቂጣ የሚለውን ስናነብ የእናታችን ቡሓቃ በዓይናችን መጣ። እናታችን ፋይቴት የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን ሊጡን በእርሾ አቡክታ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሳታቈይ እንጀራ አትጋግርም ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሊጡ ኮምጣጣነትና በውስጡ ያሉት ረቂቃን ነፍሳት ፋይቴቱን ይሰባብሩታል፤ ብረቱና ዚንኩም ከእስራት ይፈታሉ። እህልን ዘፍዝፎ ማብቀልም እንዲሁ ያደርጋል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ጠላና ስለ ምስጢር ቢሆንም፥ ስለ እህል የተነገረ ያህል እውነት ነው። እንግዲህ ባለሙያዋ የዛሬ እንጀራ ለመጋገር ተቻኵላ ሊጡን ሳይቦካ ብታወጣው፥ የጠፋው ጣዕሙ ብቻ አይደለም።

ከእንጀራ ጋራ የሚቀርበው ቃሪያም ለጌጥ የገባ አይደለም። በቃሪያ፥ በሎሚና በቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህልንና የጥራጥሬን ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል። ስለዚህ የምስር ወጥ ከቲማቲም ሰላጣና ከቃሪያ ጋራ በአንድ ገበታ ሲቀርብ ከየብቻው ይልቅ ይጠቅማል። ደም ይሆናል እየተባለ ለታማሚ የሚሰጠው ቀይ ሥር ግን ቅላቱ የቀለም እንጂ የብረት አይደለም፤ የሚይዘው ብረት ጥቂት ነው። ሥጋ ለሚያገኝ ሰው ነገሩ ይቀልለታል፤ በሥጋ ውስጥ ከደም ቀለም ጋራ ተያይዞ ከሚገኘው ብረት ከ100 እጅ ከ15 እስከ 35 የሚሆነው ወደ ገላ ይገባልና። ዳሩ ግን በጾሙም በኑሮ ውድነቱም ምክንያት ሥጋ የዕለት ምግባችን አይደለም።

በእጃችን ሰጥተን በእጃችን የምንነሣው በቡናችን ነው። ቡናና ሻይ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር የእህልን ብረት ይይዘዋል። ቡና ከምግብ ጋራ ወይም አንድ ሰዓት ቈይቶ ቢጠጣ እኩል እንደሚቀንስ፥ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢጠጣ ግን እንደማይጐዳ በምርምር ተረጋግጧል። ቡናን እንተው የሚል ምክር ከእኛ አይወጣም፤ ቢወጣም የሚሰማን የለም። ሰዓቱን ማራቅ ግን ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የማዕዳችን ሥርዓት ነው። ለጐልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው ብረት 8 ሚሊግራም ሲሆን፥ ለመውለድ ዕድሜ ለደረሰች ሴት 18፥ ለነፍሰ ጡር 27 ነው። በብዙ ቤት ግን መጀመሪያ የሚቀርበው ለአባወራው፥ ሥጋም ቢገኝ የሚመረጠው ለእርሱ ነው፤ ወጥ የሠራችው ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገር በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ከመቶው 24ቱ፥ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ ከመቶው 57ቱ ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። ወባና የሆድ ትልም የራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ጥፋቱን ሁሉ በምግብ ላይ አንጥልም። ነገር ግን በቤታችን እየኖረች ከሁሉ በኋላ ትበላ የነበረችውን ልጅ ስናስብ፥ ቍጥሩ ከሰንጠረዥ ወጥቶ ፊቷን ይመስልብናል።

የእኅታችን ልጅ በሐኪሙ ትእዛዝ የብረት ክኒን ወራት ያህል ወሰደች። የፊቷም ወዝ፥ የትምህርቷም ትጋት ተመለሰ። ይቅርታ በጠየቅናት ጊዜ መሬት መሬት እያየች «ምን አጠፉና፥ ጋሼ» አለችን፤ እኛ ግን ያጠፋነውን እናውቀዋለን። ዛሬ በቤታችን ሁሉ ባንድነት ይበላል፤ ቡናውም እህሉ ሲረጋ ቈይቶ ይፈላል። እናታችን ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ይህን ሥርዓት ዐይታ «ልጄ፥ እንግዳን በልቶ ካበቃ በኋላ ያለ ቡና ማስቀመጥ ከየት የመጣ ጠባይ ነው?» ብላ ገሠጸችን። ምክንያቱን ስናስረዳት የልጅቱን እጅ ይዛ መዳፏን አገላብጣ ተመለከተችና፥ «እንግዲያስ ይቈይ» አለች።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ያንኑ ትምህርት ደግመን አስተማርን። ቍጥሩን በሰሌዳው ላይ ከጻፍን በኋላ፥ ከአጠገቡ አውድማውን፥ እርሾውን፥ ቃሪያውንና ሲኒውን ሣልን። ከዚያም ተማሪዎቻችንን፥ በየቤታቸው መጨረሻ የሚበላው ማን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋራ።