ግራና ቀኝ

ድምፅን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ገመድ በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የተናቀ ነው። ቴፑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ስፒከሮቹ ከቡፌው ግራና ቀኝ እንደ ዘብ ይቆማሉ፤ እንግዳ ሲመጣም የሚወደሱት እነርሱ ናቸው። ገመዱ ግን ከቡፌው ኋላ ከአቧራና ከሸረሪት ድር ጋር ተጠቅልሎ ይኖራል። የሚታወሰው ድምፅ ሲጠፋ ወይም ጥዝታ ሲያስቸግር ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ባለቤቱ ጫፉን ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ድምፁ ከተመለሰ ጉዳዩ እዚያው ይረሳል።

በወላይታ ሶዶ ይህ የተናቀ ዕቃ ከባድ ጥያቄ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማ፣ ሙዚቃ የሚደመጠው እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ከስልክና ከፍላሽ ነው። ካሴት ከገበያ ወጥቷል፤ ከሣጥንና ከአልጋ ሥር ግን አልወጣም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በየሠርጉና በጊፋታ ሰሞን የተቀዳው ድምፅ ባለቤቶቹ ሲያረጁ አብሮ በማርጀት ላይ ይገኛል። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያሳየው ይህ ትንሽ ሣጥን ድምፅን የሚይዘው ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር በማይሞላ፣ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚጓዝ ቀጭን ክር ላይ ነው። የአንድ ቤተሰብ ደስታ ሙሉውን በዚያ ላይ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እናስብ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ለማስተማሪያነት ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ 5 ቋንቋዎች አንዱ ነበርና፣ መምህሩ በወጣትነታቸው በኩራዝ ብርሃን ለእናቶችና ለአባቶች በራሳቸው ቋንቋ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዷ የገዛ እናታቸው ነበሩ። እኚህ መምህር አንድ ካሴት አላቸው። በእኅታቸው ሠርግ ዕለት አንድ ስፒከር ብቻ ባለው ቴፕ የተቀዳ ነው። በካሴቱ ላይ ዲንካ ይነፋል፤ ሴቶች ያዜማሉ፤ ከሴቶቹም መካከል ዜማውን የሚያነሡት እናታቸው ናቸው። እናቲቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ፎቶግራፍ አልተዉም።

አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ልኮላቸው፣ ካሴቱ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለበጥ፣ ገመዱም እዚያው ሶዶ እንዲገዛ፣ ነገር ግን ጥንድ መሆኑ እንዲረጋገጥ አሳሰበ። መምህሩ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄዱ። ጠጋኙ ወጣት ሁለት ዓይነት አቀረበላቸው፤ አንደኛው እንደ ሽቶ ዕቃ ባሸበረቀ ካርቶን የታሸገ፣ ሁለተኛው ከጥቅሉ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጥ።

«ልጄ፣ ይህኛው ከዚያኛው በምን ይበልጣል?»

«መምህር፣ ይኼኛው ጥንድ ነው። ግራው ከቀኙ እኩል ሆኖ ተመርጦ የተሠራ ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛውማ ሽቦ ነው።»

ጥንድ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት የወላይታ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በወላይታና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራው ዲንካ፣ ነፊዎች በርከት ብለው በኅብረት የሚነፉት መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የራሱን ድምፅ እንጂ ሙሉ ዜማ አይደለም። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይተዋል፤ ሌላው በተወው ክፍተት ሦስተኛው ይገባል፤ ዜማው የሚወለደው ከመካከላቸው ነው። ስለዚህ ሠሪው ቀርከሃውን ሲቆርጥ ለብቻው ያማረ መሆኑን አይደለም የሚመዝነው፤ ከጎኑ ከሚነፋው ጋር መሄዱን ነው። ከጫካው ሁሉ የተመረጠ ቀርከሃ ቢሆን እንኳ ከጎረቤቱ ጋር ካልተስማማ ስብስቡን ያፈርሳል።

የድምፅ ገመድም እንደዚሁ ነው። ይሁንና ስምምነቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው የግራው ገመድ ከቀኙ ጋር ያለው ስምምነት ሲሆን በካርቶኑ ላይ በወርቃማ ፊደል የሚጻፈው ይህ ነው። ሁለተኛው ገመዱ ድምፅን ከሚሰጠውና ከሚቀበለው መሣሪያ ጋር ያለው ስምምነት ነው። ስለዚህኛው ካርቶኑ ምንም አይናገርም፤ እናትን የሚያተርፈው ወይም የሚያጠፋው ግን ይኸው ሁለተኛው ነው።

ከአንደኛው እንጀምር። ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ሁለት ድምፅ ያስፈልገዋል ብሎ ስቴሪዮን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1931 በፓተንት ያስመዘገበው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ነበር። ተዋናዩ በሸራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲራመድ ድምፁ ግን ከአንድ ስፍራ መምጣቱ እንዳስከፋው ይነገራል። የቴያትር ሰው ቅሬታውን ለመረዳት አይቸገርም። ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለባቸው የሚለው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንዱ ወገን ከደከመ መድረኩ ያጋድላል።

ነገር ግን ገመድ ምን ያህል ሊያጋድለው ይችላል? ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ዘር የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ቢዘረጋ፣ በሄደበትና በተመለሰበት በድምሩ ግማሽ ኦም የማይሞላ እንቅፋት ያስከትላል። ውፍረቱ 2.5 ቢሆን ከ0.14 ኦም አይበልጥም። 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንዱ ገመድ ከሌላው በአንድ ሜትር ቢረዝም ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል የሚሉም አሉ። በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት አንድ ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ከሰከንድ ቢሊዮንኛ 5 ያህሉን ነው። አድማጩ ወንበሩን አንድ ስንዝር ቢያንቀሳቅስ ከዚህ መቶ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ መዘግየት ያመጣል። ስለ ገመድ እኩልነት የሚሟገተው ሰው አስቀድሞ ወንበሩን በምስማር ይምታ!

የገመድ ንግድ ራሱ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በፊት ለስፒከር የሚውለው ለመብራት የሚዘረጋው ዓይነት ተራ ሽቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞንስተር ኬብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወፍራም ገመድ በስም ለይቶ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ። ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1983 አድማጮችን ሰብስቦ ገመዶቹን ስማቸውን ሸሽጎ ሲያስፈትን፣ የድምፁ መጠን እኩል በተደረገ ጊዜ ውዱን ገመድ ከተራው ወፍራም ሽቦ በአስተማማኝ ሁኔታ ለይቶ ሙዚቃ የሰማ አልተገኘም። እጅግ የቀጠነው ሽቦ ግን በተለይ ለሙከራ በተዘጋጀው ጩኸት ታወቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሽቦ ሁሉ እኩል ነው የሚል አይደለም፤ የሚቆጠረው ስም ሳይሆን ውፍረት ነው።

ይህ በተለይ በአዳራሽ ውስጥ ይታያል። በትምህርት ቤትና በባህል አዳራሾቻችን ከመድረክ እስከ ኋለኛው ስፒከር 40 ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ መዘርጋት የተለመደ ነው። በ0.75ቱ ሽቦ ከሆነ ወደ ስፒከሩ ከሚላከው ኃይል ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ኃላፊው አምፕሊፋየሩን ከፍ ያደርጋል፤ ድምፁ ይቀደዳል፤ ተናጋሪው ይወቀሳል። ወፍራም ሽቦ ቢገዛ ኖሮ ተናጋሪውም ይከበር ነበር።

ከገመዱ ዋጋ ይልቅ ጫፉ ይበልጣል። በሽቦው ላይ መስመር፣ ቀለም ወይም ሸካራ ምልክት ያለበት ዘር አለ፤ ይህ በሁለቱም ስፒከሮች በኩል በአንድ ዓይነት ምሰሶ ላይ መታሰር አለበት። በአንደኛው በኩል ቀዩና ጥቁሩ ከተለዋወጡ፣ አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ከበሮው ይከሳል፤ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን ይጠፋል። በየቤቱ «ስፒከሩ ባስ የለውም» ተብሎ ከሚታማው መሣሪያ መካከል ጥፋቱ የዚህ ብቻ የሆነው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስምምነት እንለፍ። የመምህሩ ቴፕ መውጫው ባለ አምስት እግር ክብ ሶኬት ነው፤ የጀርመንና የሆላንድ መሣሪያዎች የታወቁበት። አምፕሊፋየሩና ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ይፈልጋሉ። የሚያገናኝ ገመድ ይገኛል፤ ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ሻጩ ሁሉ አያውቀውም። በዚያ ክብ ሶኬት 3ኛውና 5ኛው እግር ድምፅ የሚወጣባቸው ናቸው፤ 1ኛውና 4ኛው ለመቅዳት ድምፅ የሚገባባቸው ናቸው፤ 2ኛው የጋራ መሬት ነው። ለመቅጃ የተሠራው ገመድ ለማጫወቻ ቢሰካ የሚሰማው ዝምታ ነው። ብዙ ደህና ቴፕ «ሞቷል» ተብሎ የተጣለው በዚህ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። ከኮምፒዩተሩ በኩልም ገመዱ በማይክራፎን ቀዳዳ ከገባ፣ ያ ቀዳዳ የተሠራው ለደካማ ምልክት ነውና ድምፁ ተቀዳዶ ይቀዳል፤ ተቀዳዶ የተቀዳውን ደግሞ የሚሰፋ የለም።

ርዝመቱም ነገር አለው። በዚህ ዓይነቱ ገመድ ውስጥ የመካከሉ ሽቦና ዙሪያውን የሸፈነው የመዳብ መረብ ተቀራርበው ስለሚሄዱ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደ ማሰሮ ያቁራሉ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ማሰሮው ይሰፋል። መውጫው 10,000 ኦም የሆነ አሮጌ ቴፕ፣ በሜትር 200 ፒኮፋራድ በሚያቁር ገመድ 10 ሜትር ርቆ ቢያያዝ፣ ከ8,000 ሄርዝ ወዲያ ያለው ቀጭን ድምፅ እየተመናመነ ይሄዳል። ያው ገመድ ሜትር ተኩል ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ጆሮ ከሚሰማው ወሰን ውጭ ይሆናል። ይህ ለወላይትኛ ተናጋሪ የመሐንዲስ ጣጣ ብቻ አይደለም። የቋንቋው «ሰ» እና «ሸ»፣ ከጉሮሮ ተገፍተው የሚወጡት «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»፣ ጥራታቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ከቀጭኑ ድምፅ ነው። እርሱ ሲቀንስ ዜማው ይቀራል፤ ቃሉ ይደበዝዛል። እናቲቱ ማንጎራጎራቸው ይሰማል፤ ሙሽራይቱን ምን ብለው እንደመረቋት ግን አይለይም።

ጥዝታውም አለ። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን ገድቦ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ከጊቤ 3 ቢመጣም ከሌላ ወንዝ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የድምፅ ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አብሮ ከተጠቀለለ ይህን ምልልስ እንደ ንብ መንጋ ወደ ስፒከሩ ይወስደዋል። ሁለቱን ማራራቅ፣ መሻገር ካለባቸውም መስቀለኛ አድርጎ ማሻገር፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማብላት አብዛኛውን ጊዜ ይፈውሰዋል። የመሬቱን ሽቦ ቆርጦ ጥዝታን ማጥፋት ግን ከነፍስ ጋር መጫወት ነው።

የመምህሩ ካሴት አንድ ስፒከር ባለው ቴፕ መቀዳቱ መጀመሪያ ላይ ልጃቸውን አሳዝኖት ነበር፤ «ስቴሪዮ አይደለማ!» በማለት። እንዲያውም ይህ መልካም ዕድል ነው። ካሴት ሲፈጠር ለሁለቱም እንዲመች ተደርጎ ነውና፣ በአንድ ድምፅ የተቀዳው በስቴሪዮ ቴፕ ሲጫወት በግራም በቀኝም የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ስለዚህ ገመዶቹ እኩል ከሆኑ፣ ጫፎቻቸውም በትክክል ከታሰሩ፣ ዘፋኟ ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ስፒከር ከሌለበት ከመካከሉ ባዶ ስፍራ ትቆማለች። ድምፁ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሁለቱን ገመዶች ማለዋወጥ ነው፤ ማዘንበሉ ገመዱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ከቆየበት ካልተንቀሳቀሰ የቴፑ ወይም የስፒከሩ ነው። ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ በካርቶን ታሽጎ አይሸጥም።

ጠጋኙ ወጣት ይህን ፈተና አደረገ። ድምፁ ከመካከል ቆመ፤ ሆኖም እንደ ታፈነ ነበር። የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረገው፤ ከራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ ቢያዞራት የሴቶቹ ጭብጨባ ጠርቶ ወጣ። መምህሩ ምንም አልተናገሩም። ወጣቱም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ጊዜ የለም። ዩኔስኮና የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሰሙት ጥሪ፣ በማግኔት ክር ላይ ያለውን ድምፅ በስፋት መገልበጥ የሚቻለው እስከ 2025 ገደማ መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር። ክሩ ከማርጀቱም በላይ ማጫወቻው፣ መለዋወጫው፣ ብሎኗን ማዞር የሚችለው እጅም እየታጣ ነውና። ካሴቱን ደግሞ ማፋጠን አይቻልም፤ 60 ደቂቃው ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያለው ካሴት ሁሉ ቢሰበሰብ ስንት ቀንና ስንት ጠጋኝ እንደሚጠይቅ የባህል ሠራተኞችና መምህራን ቢያሰሉት አይከፋም።

መምህሩ የገዙት ከጥቅሉ የሚቆረጠውን ወፍራሙን ሽቦ ነው፤ ለግራ 3 ሜትር፣ ለቀኝ 3 ሜትር። ለቴፑ ደግሞ ወጣቱ 3ኛውንና 5ኛውን እግር ራሱ በይዶ፣ አጭር ገመድ ሠራላቸው። ካሴቱ ከመገልበጡ በፊት ማንም በስሕተት እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ሰበሩ። ባሸበረቀው ካርቶን ሊሄድ የነበረው ገንዘብ ተርፏቸው ሁለት ፍላሽ ገዙበት። አንደኛው ለእኅታቸው ነው።