ወርቁን ትቼ ፋን ፍለጋ፤ ከዴራ እስከ ቡር ዱባይ

ዱባይ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ወርቅ ነው። ወርቁ ያልታየው ደግሞ ሽቶው፣ ሞባይሉ፣ የሠርግ ጨርቁ ይታየዋል። ነጋዴዎቻችንማ ዴራን እንደ መርካቶ ነው የሚያውቋት። እኔ ግን ዛሬ ብዙ ሰው ወደማይጠይቀው ሰፈር ልወስዳችሁ ነው። የምንሸምተውም ኮምፒዩተር የምታቀዘቅዝ ፋን ናት። ሳቁ! ሳቃችሁን ስትጨርሱ ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። አንድ ወዳጄ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው የሚተዳደረው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከአልጋው አጠገብ ኮምፒዩተሩ፣ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ የ5 ወር ልጁ። ሥራው እንዲፈጥንለት ብሎ ማሽኑን ኦቨርክሎክ አደረገው፤ ማለትም ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከቀደደለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ጀመረ። ማሽኑ ሮጠ። ነገር ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣችው ሚጢጢ ፋን ሙቀቱን አልቻለችውም፤ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ትጮሃለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጅ ይነሳል፣ እናት ትነሳለች፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። በመጨረሻ ባለቤቱ "ወይ ሳጥንህን ወይ እኛን" አለችው። ሳጥኑን እንዳይተው እንጀራው ነው፤ እነሱን እንዳይተው ትዳሩ ነው። እኔ ለሌላ ጉዳይ ወደ ዱባይ እንደምሄድ ሲሰማ "ዋጋዋ የማይጎዳ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ነገር ፈልግልኝ" ብሎ አደራ ጣለብኝ። አደራ ደግሞ ከሻንጣ ይከብዳል።

ከቦሌ ዱባይ በአውሮፕላን 4 ሰዓት ያህል ነው። ነሐሴ ላይ ከኤርፖርቱ በር ስትወጡ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ እንፋሎቱ ፊት ላይ የሚመታውን ታውቁት የለ? እሱ ነው የሚቀበላችሁ። ዴራ አደርኩና በማግሥቱ ጠዋት ወደ ወንዝ መሳዩ የባሕር ክንድ ወረድኩ። እዚያ አብራ የምትባል የእንጨት ጀልባ አለችላችሁ። ሂሳቧ 1 ድርሃም ናት። ሕንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ፊሊፒኖው፣ ሐበሻው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና ውኃ ውኃውን እያዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቡር ዱባይ ይሻገራሉ። ከዚያ በጨርቅ ተራው አልፋችሁ ወደ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ትወጣላችሁ። በእግር ሩቅ አይደለም፤ የነሐሴ ፀሐይ ግን ሩቅ ታደርገዋለች። ፀሐይ የሚፈራ ሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሜትሮ አለለት፤ ቡርጁማን ጣቢያ መውረድ ነው።

ይህ መንገድና ዙሪያው የኮምፒዩተር ሰፈር ነው። አል ዓይን ሴንተር የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ስትገቡ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ ሁሉም ኮምፒዩተር፣ ሁሉም ገመድ፣ ሁሉም ብልጭ ድርግም ነው። አየሩ በማቀዝቀዣ በርዶ ላባችሁ ጀርባችሁ ላይ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ገና ከበር ሳልገባ "ማይ ፍሬንድ!" ብሎ ወዳጄ ሆነ። አውጥቶ ያሳየኝ በውኃ የሚሠራ፣ ባለ 3 ፋን፣ እንደ ናይት ክለብ ቀለም የሚቀያይር ማቀዝቀዣ ነበር። 480 ድርሃም። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረች ገንዘብ ናት፤ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፤ እንግዲህ ከ130 ዶላር በላይ ማለት ነው። ዕቃው ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን ውኃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተሸክሞ የሚያደርሰው እዚያው ፋኖቹ ዘንድ ነው። በዚያ ላይ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑም የራሱ ድምፅ አለው፤ ሲበላሽም ቀዝቃዛ ነገር የለም። መብራቱ ደግሞ ልጅ አያስተኛም።

ሁለተኛው ሱቅ የኦስትሪያውን ኖክቱዋ አሳየኝ። ኤንኤች-ዲ15 የሚባለው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ ሁለት 140 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ቡና ዓይነት ቀለም ያለው ግዙፍ ነገር ነው። በዝምታው ስሙ የተጠራ ነው። ዋጋው ግን ከ400 ድርሃም በላይ። ወዳጄ በዚያ ገንዘብ ልጁን ስንት ወር ወተት ያጠጣዋል!

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ጥግ የያዘች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንዲት ወጣት አሻቅባ አየችኝና "ሐበሻ ነህ አይደል?" አለችኝ። የደሴ ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጣችው ለቤት ሠራተኝነት ነበር፤ አሁን ከሻጭነት አልፋ ማሽን ትገጣጥማለች። ሻይ አዘዘችልኝና እንደ ሐኪም ጥያቄ ጀመረች።

"ፕሮሰሰሩ ምንድነው? የኬዙ ወርድ ስንት ነው? ደግሞስ የሚሠራው የት ነው?"

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወዳጄ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ሦስተኛው ግን አስገረመኝ። "አዲስ አበባ ነው፤ ቦታው ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"ወንድሜ፣ እናትህ ባቄላ ሲቀቅሉ እዚህ ካለው ሰው ይልቅ አይቆይባቸውም? እኛ ደሴም እንደዚያው ነው። ከፍታ ነዋ!"

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ናት። ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩም ከዱባዩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን ያው በተመሳሳይ ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያንሳል፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ክፍላችን ቀዝቀዝ ማለቱ የተወሰነውን ይክሰናል እንጂ ሁሉንም አይደለም። የባሕር ዳርቻ ሰው "ይበቃል" ያለውን ማቀዝቀዣ እኛ ትንሽ ከፍ አድርገን መግዛት አለብን። በማግስቱም ሆነ በዓመቱ ማንም ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ከመደርደሪያ ያወረደችልኝ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የሚባለውን ነው። ሙቀት የሚያመላልሱ 6 የመዳብ ቱቦዎች፣ ሁለት የብረት ቅጠል ማማዎች፣ ሁለት 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች። ቁመቱ 155 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ አውጥታ ወረቀቴ ላይ ካለው የኬዝ ልክ ጋር አስተያየችልኝ፤ ገባ። 145 ድርሃም፣ ማለትም 40 ዶላር ገደማ። መብራት የለው፣ ጌጥ የለው።

"ትልቅ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞር ነው የምትፈልገው" አለችኝ። ምክንያቱም ይኸውላችሁ፦ የአንድ ፋን ዙር በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ይወርዳል። ለጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ማለት ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሚጢጢዋ ፋን የምትጮኸው ስፋቷ ያሳጣትን በሩጫ ልታካክስ ስለምትሞክር ነው።

ልሰናበታት ስል ከዕቃው የበለጠ ምክር ጨመረችልኝ፦ "ከመግጠማችሁ በፊት ቮልቴጁን አውርዱት። ነፃ ነው።" አገር ቤት ስገባ አደረግነው። የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ልክ በልክ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን 10 በመቶ፣ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምሩ ሙቀቱ በ33 በመቶ ያሻቅባል። ወዳጄ ከ4.6 ጊጋኸርዝ ወደ 4.5፣ ከ1.35 ቮልት ወደ 1.2 አወረደ። ፍጥነቱ የቀነሰው 2 በመቶ ገደማ፣ ሙቀቱ ግን ከ5 እጅ ከ1 እጅ በላይ! አዲሱ ማቀዝቀዣ ሲገጠምበት ደግሞ 90 ዲግሪ ይነካ የነበረው ማሽን ሠርግ እየቆረጠ 68 ላይ ተቀመጠ። ፋኖቹ በደቂቃ 900 ዙር ገደማ ይዞራሉ። ሕፃኑ አያውቃቸውም።

እናንተም ዱባይ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ወይም እዚሁ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ እነዚህን ያዙልኝ።

1. ኬዛችሁን ሳትለኩ ብር አታውጡ። ዕቃው ከማዘርቦርዳችሁ ጋር የሚሄድ ማሰሪያ እንዳለውም ጠይቁ።
2. ከሥሩ ያለችውን ስስ ላስቲክ ሳትልጡ አትግጠሙ። ፔስቱ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ብሎኖቹን እየተሻገራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።
3. ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ፋኑ ለእያንዳንዷ ዲግሪ እንዳይደነግጥ ቀስ ብሎ እንዲነሳ አስተካክሉት። ጆሮ የሚያሰለቸው ከድምፁ ይልቅ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።
4. አቧራችንን ታውቁታላችሁ። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ በየ3 ወሩ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

በፕሮሰሰር ፍጥነት የምትፎካከሩ ወጣቶች ሆይ! ማሽናችሁ ይሩጥ፤ ፋናችሁ ግን አይሩጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእሷም ነው። ቸር ይግጠመን!