አልታመምኩም፣ አልዘገየሁም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኬዝ፣ ስለ ፎርም ወይም ስለ ኢንተርቪው ቀጠሮ አይደለም። ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ራሴ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትደውሉልኝ አደራ።

ዕድሜዬ 38 ነው። አላገባሁም፤ ለማግባትም አላስብም። ምክንያቱን ግማሻችሁ "መንገድ ላይ የደረሰባት ነገር አለ" ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ "ገና ነው፣ የሚሆናትን አላገኘችም" ትላላችሁ። መንገድ ላይ ብዙ እህቶቻችን ምን እንደደረሰባቸው አውቃለሁ፤ በዚህ ገጽ ስንት ጊዜ ጽፌበታለሁ። የእኔ ግን ከዚያ ጋር አይያያዝም። ሞያሌን ሳልሻገር በፊትም ያው ነበርኩ። በ17 ዓመቴ ጓደኞቼ ስለሚወዱት ልጅ እያወሩ ሲያመሹ፣ እኔ የሚሉትን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አላውቀውም ነበር።

ለዚህ በእንግሊዝኛ ቃል አለው፦ ኤሴክሹዋል። ለወንድም ሆነ ለሴት የሩካቤ ፍላጎት የማያድርበት ሰው ማለት ነው። ጾም አይደለም፣ ስእለት አይደለም፣ ሰው መጥላትም አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በፍቅር የሚወድቁ፣ የሚያገቡ፣ ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። እንደ እኔ የፍቅር ጓደኛም የማያሰኛቸው አሉ፤ እነሱ ኤሮማንቲክ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ የብሪታንያ ነዋሪዎች ከሰጡት መልስ 1 በመቶ ያህሉ ለማንም እንዲህ ያለ ፍላጎት አድሮባቸው እንደማያውቅ አግኝቷል። በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። ያለን ስም "ቆሞ ቀር" ነው፤ እሱ ደግሞ ስድብ ነው።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። ኢስሊ በምንኖርበት ግቢ ማታ ማታ ሴቶቹ አንድ ክፍል ተሰብስበን ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እናያለን። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የያዘን ልማድ አብሮን ተሰዷል። እኔም እወደዋለሁ። ስንት ክፍል ሙሉ ሲፈላለጉ የቆዩት ሁለቱ ሲገናኙ ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሰርግ ቤት ሄዶ ለመጨፈር ሙሽራ መሆን አያስፈልግም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ድራማዎች ብቻዋን የምትኖር ሴት ወይ ቀናተኛ ናት፣ ወይ የተከዳች ናት፣ ወይ የሚመጣላትን እየጠበቀች ነው። ደህና ሆና፣ ደስ ብሏት ብቻዋን የምትኖር አላየሁም። የራሳችን ታሪኮችም ከዚህ አይርቁም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማነውን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አስታውሱ። በዛብህ ሳያገባ እንዲኖር የተፈለገው በወላጆቹ ስእለት ነው። ስእለቱ እንቅፋት፣ ለሰብለ ያለው ፍቅር ደግሞ እውነት ሆኖ ይቀርብልናል። ድንቅ መጽሐፍ ነው። ከእሱም ከሌላውም የወረስነው ሐሳብ ግን ያላገባ ሰው ሌላ ሰው የከለከለው ነው የሚል ነው። ማንም ሳይከለክለው፣ እንዲሁ ተፈጥሮው የሆነ ሰው በታሪካችን ቦታ የለውም፤ ምናኔ ካልገባ በቀር።

ውጭዎቹስ? እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ብዬ ብዙ የነሱን አይቻለሁ። "ሀውስ" የሚባለው የሐኪሞች ድራማ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ያለ ሩካቤ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ባልና ሚስት አቀረበ። ሐኪሙ "ይሄ በሽታ መሆን አለበት" ብሎ ከጓደኛው ጋር ይወራረዳል። በመጨረሻ ባልየው ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ይገኝበታል፤ ሚስትየዋ ደግሞ ለእሱ ብላ ስታስመስል እንደኖረች ትናገራለች። ሐኪሙ ውርርዱን በላ። "ዘ ቢግ ባንግ ቲዎሪ" ላይ ያለው ሼልደን ደግሞ ለዓመታት እንዲህ ያለ ነገር የማያጓጓው ሰው ሆኖ ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ "ለውጠው" ዳሩት።

አያችሁ? ሁለቱ ታሪኮች እናንተ በስልክ የምትሉኝ ሁለቱ ነገሮች ናቸው። አንዱ "ታመሻል"፣ ሌላው "ገና ነው፣ ትለወጫለሽ"።

መጀመሪያ ሌላ ነገር ያየሁት በካርቱን ነው። "ቦጃክ ሆርስማን" የሚባል የአዋቂዎች ካርቱን ውስጥ ቶድ የሚባል፣ ሥራው ሁሉ ዝብርቅርቅ ያለ ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አራተኛ ምዕራፍ ኤሴክሹዋል መሆኑን በአፉ ይናገራል። ማንም ሐኪም አልጠራለትም። በኋላ እንደ እሱ የሆነች ጓደኛ ያገኛል፤ ግን ከዚያ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር ስላልነበረ ይለያያሉ። ይሄ ነው የገባኝ። እንደ ማንኛውም ሰው ጠባይ ያለው፣ የሚገጥመውና የማይገጥመው ሰው አድርገው ነው የሣሉት። በ2023 ደግሞ "ሃርትስቶፐር" ላይ አይዛክ የሚባለው መጽሐፍ የማይለየው ልጅ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ እሱ ያ ስሜት እንደሌለው ቀስ ብሎ ይገባዋል። የታሪኩ ደራሲ አሊስ ኦስማን ራሷም እንደዚያው መሆኗን በግልጽ የተናገረች ናት።

ጥሩ ነው። ግን የነሱ ሰዎች ወጣቶች ናቸው፣ ፓስፖርት አላቸው። "መቼ ነው የምናይልሽ?" ብላ የምትደውል አክስት የለችባቸውም። ትዳር ለነሱ የልብ ጉዳይ ነው። ለስደተኛ ትዳር አንዳንዴ በር ነው።

ይሄን በር እኔም አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ዘመዶቼ ካናዳ ካለ አንድ ጨዋ ሰው ጋር አገናኙኝ። "አግብቶ ይወስድሻል" አሉኝ። ናይሮቢ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ ነው ይሄ የመጣልኝ። ለሰውየው በስልክ የጻፍኩላችሁን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "እግዜር ይስጥሽ፣ ሳልደክም ነገርሽኝ" አለኝ። ሚስት የሚፈልግ ሰው ሚስት ይገባዋል። ለወረቀት ብዬ የሰርግ ፎቶና የፍቅር መልእክት እየሰበሰብኩ የማላውቀውን ስሜት ለኢሚግሬሽን ማስረዳት አልችልም። በሩ ተዘግቷል፤ ቆጭቶኛል፤ ድጋሚ ቢመጣም ያንኑ ነው የምናገረው።

እማዬ፣ ይሄን የሚያነብልሽ ማንም ይሁን፣ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። የጎደለብኝ የለም፤ የበደለኝም የለም። የልጅ ልጅ እንደምትናፍቂ አውቃለሁ፤ እሱ ያሳዝነኛል። እኔ ግን አላዝንም።

በውስጥ መስመር ለምትጽፉልኝ ወጣቶች ደግሞ። ጸበል የተወሰዳችሁ፣ "ስንፈት አለበት" የተባላችሁ፣ ሁለት ነገር ለዩ። ድሮ የነበራችሁ ፍላጎት ከጠፋና ከከበዳችሁ፣ በተለይ ከእስር፣ ከድብደባ፣ ከመደፈር በኋላ ከሆነ፣ ወይም መድኃኒት ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ፣ ለሐኪም ንገሩ፤ እርዳታ አለው፤ ነውርም የለውም። ከድሮም እንዲሁ ከሆናችሁና ሰላም ካላችሁ ግን በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ራሱን ኤሴክሹዋል ብሎ የሚያውቅ ሰው በፍላጎት ማነስ ሕመምተኛ እንዳይባል ጽፏል። "ሀውስ" ያንን ክፍል ባሳየ በዓመቱ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ፣ ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ለዩቲዩብ ድራማ የምትሠሩ ልጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንዲት ያላገባች ሴት ጻፉልን። አትክዷት፣ አታሳምሟት፣ መጨረሻ ላይም ባል አታምጡላት። ሥራ ትሂድ፣ ከጎረቤት ትጣላ፣ ዕቁብ ትጣል፣ የእህቷን ልጆች ታስጠና። ታሪኩ የሌላ ሰው ቢሆንም ግድ የለም፤ እሷ እዚያ ቤት ውስጥ ትኑር ብቻ።

አክስቴ፣ አሁን መደወል ትችያለሽ። ስለ ባል ካልሆነ ወዲያው አነሳዋለሁ።